ቤታችንንና ወረቀታችንን ከምስጥ እንዴት እንጠብቅ?



አንዲት የአገራችን ልጅ ባልባላ ውስጥ በተከራየችው የጣውላ ቤት የቤተሰቡን ወረቀት ሁሉ በካርቶን አድርጋ አልጋ ሥር ታስቀምጥ ነበር። የስደተኛነት ወረቀቷ፣ የልጆቿ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከአገር ቤት ይዛው የወጣችው የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ሁሉም እዚያ ነበር። የቀጠሮዋ ዕለት ማለዳ ካርቶኑን ስትስበው ክዳኑ ብቻ በእጇ ቀረ። የታችኛው ክፍል አፈር ሆኗል። ከላይ ሲታይ ግን ምንም የነካው አይመስልም ነበር።

የምስጥ ጠባይ እንዲህ ነው፤ ከውስጥ ይበላል፣ ከውጭ ያለውን ቆዳ ይተዋል። ስለዚህ በዚህ ትምህርታችን ቤትን እንዴት እንደምንፈትሽ፣ ምስጥ ከተገኘም ምን እንደምናደርግ እንነጋገራለን። «በካምፕ ለምንኖር ሰዎች የባልባላ ቤት ምናችን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከአሊ አዴም ሆነ ከሆልሆል ለሕክምና፣ ለቀን ሥራ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ጅቡቲ ከተማ የሚወርደው ሰው ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ ምስጥ የከተማ ጣውላና የካምፕ ምሰሶ አይለይም።

የምናውቀው ምስጥና የማናውቀው

አገር ቤት ዝናብ ሲጥል ከመሬት እየፈላ የሚወጣውን አሸን ያላየ የለም። «እንደ አሸን ፈላ» የምንለውም ከዚያ ነው። አሸን ሌላ ፍጡር አይደለም፤ ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው። ወንዱና ሴቷ አዲስ ጎጆ ሊመሠርቱ ይወጣሉ፣ ክንፋቸውን ያራግፋሉ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው አፈር ይገባሉ። ቤትን የሚበላው ግን ይህ ሳይሆን ነጩና ለስላሳው ሠራተኛ ምስጥ ነው። ሠራተኛው ብርሃንና ደረቅ አየር አይችልም፤ ቆዳው ስስ ስለሆነ ውጭ ከዋለ ደርቆ ይሞታል። ስለዚህ ከአፈር ወጥቶ እንጨት ላይ ለመድረስ ከአፈርና ከምራቁ የተለሰነ፣ የእርሳስ ውፍረት ያህል የሆነ የጭቃ መሸፈኛ እየሠራ ይሄዳል። ምስጥን የምናሸንፈው በዚህ ድካሙ ነው፤ መንገዱን ሳይሠራ መምጣት አይችልም፣ የሠራውን መንገድ ደግሞ ዓይን ያየዋል።

ብዙዎቻችን ምስጥ ሲባል ኩይሳ እንፈልጋለን። ኩይሳውን ቆፍሮ ንግሥቲቱን ማውጣት ገበሬው ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው። በምዕራብ ወለጋ በመንዲ አካባቢ ምስጥ ሰብሉንና የሣር ቤቱን አላስቀምጥ ስላለ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በመንግሥት ዘመቻ ኩይሳ እየተቆፈረ አልድሪን የሚባል መርዝ ይጨመርበት ነበር። ምስጡ ግን ዛሬም እዚያው አለ። ሣሩና ዛፉ በተመናመነበት መሬት ምስጡ የሚበላው ሲያጣ ወደ ሰብሉና ወደ ቤቱ መዞሩን ባለሙያዎች ደጋግመው ጽፈዋል። በቤታችን ዙሪያ ደግሞ ኩይሳ ስላልታየ ምስጥ የለም ማለት አይቻልም። ጎጆውን ከመሬት በታች ሠርቶ ከላይ ምንም ምልክት የማያሳይ ዓይነት አለና።

ጅቡቲ ከተማ በአማካይ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ዝናብ ነው የምታገኘው። ታዲያ ምስጡ በዚህ ደረቅ አገር እርጥበት ከየት ያገኛል? አብዛኛውን እኛው እንሰጠዋለን። ከጀሪካን የሚንጠባጠበው፣ ከግድግዳ ሥር የሚደፋው የልብስ እጣቢ፣ ከማብሰያው ጥግ የማይደርቀው አፈር ለእርሱ በቂ ነው። ጎርፍም አለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004 የአምቡሊ ወንዝ ሞልቶ ብዙ ሰው ሲፈጅ፣ በኅዳር 2019ም ከተማዋ በውኃ ስትጥለቀለቅ፣ ጣውላው ሳምንታት እንደረጠበ የቆየበት ቤት ብዙ ነበር። ጎርፍ በገባበት ቤት ውስጥ ፍተሻ በየጊዜው መደረግ አለበት።

እንዴት እንፈትሻለን?

የሚያስፈልገው የእጅ ባትሪና ካቻቪቴ ነው፤ ካቻቪቴ ከሌለ ረጅም ሚስማር ይበቃል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቤት በሚጠረግበት ዕለት፣ ሩብ ሰዓት ብንሰጠው ይበቃዋል።

በመጀመሪያ ምሰሶው ወይም ጣውላው መሬት የሚነካበትን ቦታ ሁሉ እንይ። በተለይ የማናየውን፦ ከአልጋ ጀርባ፣ ከሳጥን ሥር፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሰሌን ወይም ጨርቅ በስተኋላ፣ የበሩን መቃን ግርጌ። የጭቃ መንገድ ካገኘን ሙሉውን አናፍርሰው። ጣት የሚያህል ቦታ ብቻ ሰብረን ቦታውን በከሰል ምልክት እናድርግበትና ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ተመልሰን እንይ። ተጠግኖ ካገኘነው ምስጡ በሥራ ላይ ነው። ካልተጠገነም መንገድ ለውጦ ሊሆን ስለሚችል አካባቢውን መፈለግ ነው። ብዙ ሰው ጭቃውን ጠርጎ «አጸዳሁት» ይላል፤ በዚህ የጠፋው ምልክቱ ብቻ ነው።

ቀጥሎ እንጨቱን በካቻቪቴው እጀታ እናንኳኳ። ጤነኛ እንጨት ድምፁ ድፍን ነው፤ የተበላው እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። በጫፉም ወጋ ስናደርገው ያለ ድካም ከገባ ውስጡ አልቋል ማለት ነው።

ያገኘነው ሁሉ ምስጥ ነው ማለት አይደለም። ወገቡ የቀጠነው፣ አንቴናው የታጠፈው ጉንዳን ነው፤ ምስጥ ወገቡ አይቀጥንም፣ አንቴናውም ቀጥ ያለ ነው። ከእንጨቱ እንደ ዱቄት ያለ ነገር ከጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚራገፍ ከሆነ ነቀዝ ነው። ጤፍ የሚመስል ደረቅ ፍሬ ተከምሮ ከተገኘ ግን ይህ ከአፈር ጋር ጉዳይ የሌለው፣ በደረቅ እንጨት ውስጥ የሚኖር ምስጥ ነው። በሞቃት የባሕር ዳርቻ ከተሞች የታወቀ ነው፤ ከዕቃ ማሸጊያ ጣውላና ከአሮጌ የቤት ዕቃ ጋር ይገባል። በዚህ ጊዜ አፈሩን ማከም ከንቱ ነው፤ የተያዘውን ጣውላ አውጥቶ ማቃጠል ይሻላል። ማሸጊያ ጣውላ ገዝተን ስናመጣም ከመምታታችን በፊት ቀዳዳ እንዳለው ማየት ልማድ ይሁንልን።

ከተገኘስ?

ገንዘባችንን ከመርዝ በፊት በድንጋይና በቆርቆሮ ላይ ብናውለው ይበጃል። እንጨት አፈር አይንካ። ምሰሶው በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ላይ ይቁም፣ በመካከላቸውም ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ተዘርግቶ ይግባ፤ ጠርዙ በየአቅጣጫው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጥቶ ወደ ታች ይታጠፍ። ቆርቆሮው ምስጡን አይገድለውም። ነገር ግን ተደብቆ በእንጨቱ ውስጥ ከመውጣት ይከለክለውና በጠርዙ ዞሮ በግልጽ እንዲሄድ ያስገድደዋል። ያን ጊዜ እናየዋለን።

በካምፕ ያለ ሰው «የካምሲን ነፋስ መጠለያዬን ይዞት ይሂድ ወይ? ምሰሶ ካልተቀበረ አይቆምም» ቢል እውነቱን ነው። ለዚህ የሚሻለው የሚቀበረውን ክፍል ብረት አድርጎ እንጨቱን ከመሬት በላይ በእርሱ ላይ ማሰር ነው። ብረት ካልተገኘ የምሰሶው ግርጌ በየወሩ ትንሽ ተቆፍሮ ይታይ። ጫፉን በእሳት ማክሰል ለጥቂት ጊዜ ይረዳ እንደሆነ እንጂ አያስተማምንም፤ ከሰሉ ሲሰነጠቅ ምስጡ በስንጥቁ ይገባል። አመድም እንዲሁ ነው፣ እርጥበት እስኪነካው ብቻ። ባሕር ዛፍ ለምስጥ ቶሎ ይሸነፋል፤ ጥድ ግን ይቋቋማል። ጥድ በዚህ አገር በዳይ ደን ውስጥ አለ፤ ሆኖም በራሱ እየደረቀ ያለ ደን ስለሆነ ከዚያ የሚቆረጥ እንጨት አንመክርም።

የማገዶ ክምር ከግድግዳ ይራቅ። የእህል ከረጢት በድንጋይ ወይም በርብራብ ላይ ይቀመጥ፣ ግድግዳም አይደገፍ። የውኃ መድፊያው ቦይ ይሠራለት።

ስለ መርዝ

የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንጨት ላይ የሚቀቡ አሉ። ምስጥን ለጊዜው ያርቃል፤ ግን ጣውላ ከጣውላ ተጠጋግቶ በተሠራበት ሰፈር እሳትን ያባብሳል፣ ለልጆችም ቆዳ ጥሩ አይደለም። ቦሪክ አሲድ ወይም ቦራክስ በውኃ ተበጥብጦ ደረቅ እንጨት ሲቀባ ይሠራል፤ ዝናብና የመሬት እርጥበት ግን ያጥበዋልና የሚጠቅመው ለቤት ውስጥ እንጨት ነው። እርሱም ቢሆን ከልጆችና ከምግብ ዕቃ ይራቅ።

ከሁሉ የምንፈራው በለስላሳ ጠርሙስ ተቀድቶ ያለ ስም የሚሸጠውን ነው። ቀድሞ ለምስጥ የታወቁት አልድሪን፣ ዲኤልድሪንና ክሎርዴን እ.ኤ.አ. በ2001 በስቶክሆልም በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክለዋል፤ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሚቆዩ፣ በሰውም ስብ ውስጥ የሚከማቹ ናቸውና። በጠርሙሱ ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ጽሑፍ የሌለበትን አንግዛ፣ በምንተኛበት ክፍል አንርጭ፣ የመርዝ ጀሪካንን ታጥቦም ቢሆን ለውኃ አናድርገው። ከመርዝ በኋላ የሚያስመልሰው፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ የዓይኑ ብሌን የጠበበ ሰው ካለ ወዲያው ከነመርዙ ዕቃ ወደ ክሊኒክ ይወሰድ።

ተከራይ የሆነ ሰው የጭቃ መንገድ እንዳየ ለአከራዩ ይንገር። የቤቱን ዙሪያ ቆፍሮ አፈሩን ማከም የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው፣ ወጪውም የባለቤቱ መሆን ይገባዋል። ዘግይተን ከነገርነው ግን «አንተ ነህ ያበላሸኸው» መባል ይመጣል።

ወረቀቱስ?

ቤት ይጠገናል፤ ወረቀት ግን እንደዚያ አይደለም። በደንብ የደረቀ ወረቀት በፕላስቲክ ይጠቅለል፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይግባ፣ ቆርቆሮውም ግድግዳ ሳይነካ ከጣሪያው በሽቦ ይንጠልጠል። በወር አንዴ ከፍተን እናናፍሰው፤ በጅቡቲ ሙቀት ፕላስቲክ ያልበዋል። ኮፒው ሌላ ቤት ያለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ፤ ስልክ ያለው ፎቶ ያንሣው። የተበላ ወረቀት ቢያጋጥም ደግሞ ቁራጩን አንጣል፤ በሁለት ፕላስቲክ መካከል አድርገን እንደዚያው ወደ ቢሮ እንውሰደው።

በመጀመሪያ ያነሣናት እህት ያደረገችው ይህንኑ ነው። ከስደተኛነት ወረቀቷ ቁጥሩ ያለበት ማዕዘን ተርፎ ስለነበር ፋይሏ ተገኘና ምትክ ተሰጣት። የ12ኛ ክፍል ውጤቷ ግን ኮፒ አልነበረውም። ወንድሟ ደሴ ወደተማረችበት ትምህርት ቤት ሄዶ እንዲጠይቅላት ልካበታለች፤ ይህን እስከጻፍንበት ቀን መልስ አልመጣላትም።