መደመር የማይወልደውን ማባዛት ይወልደዋል፦ የኢ-መስመራዊ ዑደቶች ጥቅምና ጣጣ

በኤሌክትሪክ ትምህርት መጀመሪያ ላይ የምንተዋወቀው የኦም ሕግ ነው። ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን የኤሌክትሪክ ጅረቱም እጥፍ ይሆናል፤ የሁለቱ ግንኙነት በግራፍ ሲነደፍ ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣል። እንዲህ ያለው ባሕርይ መስመራዊ ይባላል። ከዚህ የሚያፈነግጠው፣ ማለትም ግራፉ የሚጎብጠው፣ ኢ-መስመራዊ ይባላል። ብዙ ተማሪዎች ይህን ጉብጠት ስሌት የሚያወሳስብና ድምፅ የሚያበላሽ ጉድለት አድርገው ብቻ ይመለከቱታል። ይሁን እንጂ ዑደቶች ሁሉ ፍጹም መስመራዊና በጊዜ የማይለዋወጡ ቢሆኑ ኖሮ እንደምናውቀው ያለ ሬዲዮም ሆነ ተንቀሳቃሽ ስልክ ባልኖረን ነበር። በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

መስመራዊ ዑደት የሚሳነው

ከሬዚስተር፣ ከካፓሲተርና ከጥቅል ሽቦ ብቻ የተሠራ ዑደት እንውሰድ። በአንድ ወገን የ1000 ኪሎ ኸርዝ ሞገድ ብናስገባ በሌላው ወገን የሚወጣው ያው የ1000 ኪሎ ኸርዝ ሞገድ ነው። ከፍታው ሊቀንስ ወይም ሊዘገይ ይችላል፤ ፍሪኩዌንሲው ግን አይለወጥም። ሁለት ሞገዶች በአንድነት ብናስገባም በአንድ ድልድይ ላይ ሳይነጋገሩ እንደሚተላለፉ መንገደኞች እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ይሄዳል። አዲስ ፍሪኩዌንሲ አይወለድም።

ይህ ለሬዲዮ ትልቅ እንቅፋት ነው። የሰው ድምፅ በ1 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ይገኛል። ይህን ፍሪኩዌንሲ በቀጥታ ለማሰራጨት ርዝመቱ የሞገዱን ሩብ የሚያህል አንቴና ብንሻ 75 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ድምፁን በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ሞገድ ላይ መጫን ግድ ነው። ታዲያ ሁለቱን መደመር አይበቃምን? አይበቃም። ከድምሩ ውስጥ 1 ኪሎ ኸርዙም ሆነ 1000 ኪሎ ኸርዙ እንደነበሩ ስለሚቆዩ አንቴናው ሁለተኛውን ብቻ ያሰራጫል፤ ድምፁም እዚያው ይቀራል።

ትርፉ ከየት መጣ?

አሁን ደግሞ ጅረቱ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር እኩል የሆነበትን አንድ ክፍል እናስብ። 1 ቮልት ስንሰጠው 1፣ 2 ቮልት ስንሰጠው 4 አሃድ ጅረት ያሳልፋል። ሁለቱን በአንድነት ስንሰጠው፣ ማለትም 3 ቮልት ሲሆን፣ የምናገኘው 5 ሳይሆን 9 ነው። ትርፉ 4 ከየት መጣ? መልሱ ከሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ ትምህርት የምናውቀው ነው፦

(ሀ + ለ)² = ሀ² + 2ሀለ + ለ²

ትርፉ መካከለኛው 2ሀለ ነው፤ የሁለቱ ብዜት። ተላልፈው ይሄዱ የነበሩት መንገደኞች የተገናኙት እዚህ ላይ ነው። ሀ እና ለ የኮሳይን ሞገዶች ሲሆኑ ደግሞ የትሪጎኖሜትሪ ሕግ የሚከተለውን ይነግረናል፦

2 ኮሳይን መ × ኮሳይን ሠ = ኮሳይን (መ − ሠ) + ኮሳይን (መ + ሠ)

የሁለት ሞገዶች ብዜት በልዩነታቸውና በድምራቸው ፍሪኩዌንሲ የሚርገበገቡ ሁለት አዳዲስ ሞገዶችን ይሰጣል ማለት ነው። ፍሪኩዌንሲ መቀላቀል የሚባለውም ይኸው ነው።

በተግባር ይህን ሥራ ከሚሠሩት ክፍሎች ቀላሉ ዳዮድ ነው። በተለመደው የክፍል ሙቀት በአንድ ጥሩ ዳዮድ ላይ ያለው ቮልቴጅ በ60 ሚሊ ቮልት ገደማ በጨመረ ቁጥር ጅረቱ 10 እጥፍ ያድጋል። እንዲህ በፍጥነት የሚጎብጥ ግራፍ በሒሳብ ሲተነተን የስኩዌሩን ክፍል በውስጡ መያዙ አይቀርም።

መጫንና ማራገፍ

የ1 ኪሎ ኸርዝ ድምፅንና የ1000 ኪሎ ኸርዝ ተሸካሚ ሞገድን በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ስናሳልፍ ከተሸካሚው ግራና ቀኝ የ999 እና የ1001 ኪሎ ኸርዝ የጎን ሞገዶች ይወለዳሉ። የቀረውን በማጣሪያ ስናስወግድ በከፍታ ሞዱሌሽን፣ ማለትም በኤ ኤም፣ የተጫነ ድምፅ እናገኛለን። አሁን አንቴናው ሊያሰራጨው ይችላል።

በተቀባዩ በኩልም ያው ዳዮድ ይጠብቀናል። በ1001 እና በ1000 መካከል ያለው ልዩነት 1 ኪሎ ኸርዝ ስለሆነ ድምፁ ተመልሶ ይገኛል። የጫነው ባሕርይ ራሱ ያራግፋል።

ከዚህ የላቀው እርምጃ ሱፐርሄትሮዳይን የሚባለው ተቀባይ ነው። አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1918 ፈለሰፈው፤ ፈረንሳዊው ሉስየን ሌቪም የቀዳሚነት ጥያቄ አንሥቶበታል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ለየጣቢያው ማጉያና ማጣሪያ ከመቀያየር ይልቅ ጣቢያውን ሁሉ ወደ አንድ ቋሚ ፍሪኩዌንሲ ማምጣት። በኤ ኤም ሬዲዮ ይህ ቋሚ ፍሪኩዌንሲ በአብዛኛው 455 ኪሎ ኸርዝ ነው። ባለ 1000 ኪሎ ኸርዙን ጣቢያ ስንፈልግ በሬዲዮው ውስጥ ያለው ኦሲሌተር 1455 ኪሎ ኸርዝ ያመነጫል፤ ልዩነታቸውም 455 ይሆናል። ጣቢያ ስንቀይር የምናዞረው ቁልፍ በዋናነት የሚለውጠው ይህን ኦሲሌተር ነው።

ጣጣው

ብዜት የምንፈልገውን ብቻ መርጦ አይወልድም። ከላይ ባለው ምሳሌ 1910 ኪሎ ኸርዝ ላይ ሌላ ጣቢያ ቢኖር ከ1455 ጋር ያለው ልዩነት እርሱም 455 ነው። ስለዚህ ከመቀላቀሉ በፊት በማጣሪያ ካልታገደ ሁለቱ ጣቢያዎች በአንድነት ይሰማሉ። ይህ የምስል ፍሪኩዌንሲ ይባላል።

በኤፍ ኤም ሬዲዮ የተለመደው ቋሚ ፍሪኩዌንሲ 10.7 ሜጋ ኸርዝ ነው። በእንዲህ ያለ ሬዲዮ ሸገር 102.1ን ስናዳምጥ ኦሲሌተሩ በአብዛኛው በ112.8 ሜጋ ኸርዝ ይሠራል፤ ከእርሱም ጥቂቱ ወደ ውጭ ያፈተልካል። ከ108 እስከ 118 ሜጋ ኸርዝ ያለው ክልል ግን ለአውሮፕላን አቅጣጫ መምሪያ የተመደበ ነው። ተጓዦች በበረራ ላይ ሬዲዮ እንዳይከፍቱ ከሚከለከሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ ሰማይ ራሱ ቀላቃይ ሊሆን መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 በኔዘርላንድስ የሚኖረው በርናርድ ቴሌገን የስዊዘርላንዱን የቤሮምዩንስተር ጣቢያ ሲያዳምጥ በሌላ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራው የሬዲዮ ሉክሰምበርግ ፕሮግራም ከበስተኋላ ተሰማው። ጥፋቱ የተቀባዩ አልነበረም። የሉክሰምበርግ ኃይለኛ ሞገድ በአዮኖስፌር ያሉትን ኤሌክትሮኖች በድምፁ ልክ ያሞቃቸዋል፤ እነርሱም የሌላውን ጣቢያ ሞገድ የሚውጡበትን መጠን በዚያው ልክ ይለዋውጣሉ። ክስተቱ እስከ ዛሬ የሉክሰምበርግ ውጤት ይባላል።

ለማጠቃለል ያህል፣ ጉብጠት በራሱ ጉድለትም ጸጋም አይደለም። ድምፅ በሚያጎላ ማጉያ ውስጥ እንሸሸዋለን፤ በቀላቃይ ውስጥ እንፈልገዋለን። የባለሙያው ጥበብ የት ሊያስገባው፣ የት ሊያግደው እንደሚገባ ማወቁ ነው።

ለተማሪዎች የቀረበ ሙከራ

1. ቋሚ ፍሪኩዌንሲው 455 የሆነ ሬዲዮ ባለ 702 ኪሎ ኸርዝ ጣቢያ ሲቀበል ኦሲሌተሩ ከጣቢያው በላይ የሚሠራ ከሆነ ፍሪኩዌንሲው ስንት ነው? የምስሉስ? (መልስ፦ 1157 እና 1612 ኪሎ ኸርዝ።)

2. በእጅ የሚዞር ቁልፍ ያላቸው ሁለት የቆዩ የኤፍ ኤም ሬዲዮዎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንዱን ጣቢያ በሌለበት በ100.7 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ አድርጋችሁ ሹክሹክታውን አዳምጡ፤ የሌላውን ድምፅ ቀንሳችሁ በ90 አካባቢ ቁልፉን በዝግታ አዙሩ። በአንድ ቦታ ላይ የመጀመሪያው ሬዲዮ በድንገት ፀጥ ሊል ይችላል። ለምን? (ፍንጭ፦ 90 + 10.7።) አዳዲሶቹ ባለ አንድ ቺፕ ሬዲዮዎች ሌላ ቋሚ ፍሪኩዌንሲ ስለሚጠቀሙ ለዚህ ሙከራ አያገለግሉም።