አክሲዮኑ «ዋጋ ጨመረ» ሲባል፦ ከመፈረም በፊት የሚሠሩ ሰባት ሥራዎች

በጎጃም፣ ጉንደ ወይን ገበያ ላይ ጤፍ የሚገዛ ሰው ዋጋ ጠይቆ ብቻ ገንዘቡን አያወጣም። ከጆንያው እፍኝ ይዘግናል፤ መዳፉ ላይ ዘርግቶ እፍ ይላል፤ ማኛ ይሁን ሠርገኛ፣ አፈር ይኑረው አይኑረው ያያል። ከዚያ በኋላ ነው ክርክሩ የሚጀመረው። ይኸው ጠንቃቃ ገዢ ግን «እገሌ የሚባለው ኩባንያ አዲስ አክሲዮን ሸጧል፣ ዋጋውም ጨምሯል» የሚል ወሬ ሲደርሰው፣ የዓመት ቁጠባውን ሰነድ ሳያይ ሊሰጥ ይችላል።

አክሲዮን ለጎጃም አዲስ ነገር አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዓባይ ባንክና ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በሩን የከፈተው አማራ ባንክ ከነጋዴው፣ ከመምህሩና ከገበሬው በተሰበሰበ ገንዘብ የቆሙ ናቸው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ካደረገ ወዲህ ደግሞ አዲስ አክሲዮን መሸጥ የዘወትር ሥራ ሆኗል። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተመርቆ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሲሆን፣ በአክሲዮን ማኅበሩ ቢሮና በትውውቅ ብቻ ይካሄድ የነበረው መሸጥና መግዛት ወደ አደባባይ መውጣት ጀመረ። ጥያቄው ግን አልተለወጠም፤ ገዢው ከመፈረሙ በፊት ምን ይሥራ?

1. ሽያጩን የፈቀደውን አካል ማረጋገጥ

በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት አክሲዮን ለሕዝብ የሚያቀርብ ኩባንያ አክሲዮኑን በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ማስመዝገብና የጸደቀ የደንበኛ ሳቢ መግለጫ (ስለ ኩባንያውና ስለ ሽያጩ የሚያስረዳ ሰነድ) ማውጣት አለበት። የመጀመሪያው ሥራ ይህን መግለጫ መጠየቅ ነው። ሻጩ «ገና ነው»፣ «በሂደት ላይ ነው» ካለ ገዢውም ይጠብቅ። ባለሥልጣኑ ፈቃድ የሰጣቸውን ተቋማት ስም ስለሚያሳውቅ፣ በመካከል የቆመው ደላላ ወይም የኢንቨስትመንት ባንክ ከእነዚያ ውስጥ መሆኑንም ማየት ይቻላል።

2. አክሲዮኑ አዲስ ነው ወይስ ነባር?

ሁለቱ አንድ አይደሉም። አዲስ አክሲዮን ሲሸጥ ገንዘቡ ወደ ኩባንያው ካዝና ይገባል፤ ማሽን ይገዛበታል፣ ዕዳ ይከፈልበታል፣ ሥራ ይስፋፋበታል። ነባር ባለአክሲዮን የራሱን ድርሻ ሲሸጥ ግን ገንዘቡ ወደ እርሱ ኪስ ነው የሚሄደው፤ ኩባንያው አንድ ብር አያገኝም። ስለዚህ ገዢው በመግለጫው ውስጥ «የገንዘቡ አጠቃቀም» የሚለውን ክፍል ፈልጎ ያንብብ። «ለሥራ ማስፋፊያ» የሚል ሐረግ ብቻውን መልስ አይሆንም። የትኛው ሥራ፣ በስንት ብር፣ መቼ የሚያልቅ የሚለው መጻፍ አለበት።

3. ለማን፣ በስንት እና ምን ያህል ተሸጠ?

አንዳንድ ኩባንያ አዲሱን አክሲዮን ለሁሉም አያቀርብም፤ ለተመረጡ ጥቂት ገዢዎች ብቻ ይሸጣል። አሠራሩ በራሱ ጥፋት የለበትም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ራሱ የተቋቋመው እንዲህ ነው፦ 625 ሚሊዮን ብር ለመሰብሰብ ተነሥቶ ከአገር ውስጥ ባንኮች፣ ከመድን ድርጅቶችና እንደ ናይጄሪያ ኤክስቼንጅ ግሩፕ ካሉ የውጭ ተቋማት ከ1.5 ቢሊዮን ብር በላይ አገኘ። እንዲህ ያሉ ገዢዎች ከመክፈላቸው በፊት መዝገብ የሚመረምር ባለሙያ ስለሚያሰማሩ፣ መግባታቸው አንድ መረጃ ነው።

ለትንሹ ባለአክሲዮን ግን ሌላም ጥያቄ አለ። የንግድ ሕጉ ካፒታል ሲያድግ ለነባር ባለአክሲዮኖች በቅድሚያ የመግዛት መብት ይሰጣል። ይህ መብት ቀርቶ ለተመረጡት ከተሸጠ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ወስኗል ወይ? የተሸጠበትስ ዋጋ ከገበያው ዋጋ በስንት አነሰ?

የተሸጠውን መጠን ማወቅም እንደዚያው ይጠቅማል። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 6 እስከ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር አቅርቦ ነበር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። በመጨረሻ 47,377 ሰዎች ወደ 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገዙ፤ 3.2 ቢሊዮን ብር ያህል ተሰበሰበ። ወሬው ትልቅ በነበረበት ሽያጭ ከቀረበው አክሲዮን ከዐሥር አንዱ ገደማ ብቻ መሸጡን የሚያሳየው ቁጥሩ ነው።

4. ስሌቱን በወረቀት መሥራት

ከሰባቱ ሥራዎች ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። የሚያስፈልገው እስክርቢቶና የስልክ ካልኩሌተር ብቻ ነው። አንድ ኩባንያ 100,000 አክሲዮን አለው እንበል። ዓመታዊ የተጣራ ትርፉ 30 ሚሊዮን ብር ነው። ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ትርፍ 300 ብር ይሆናል።

ኩባንያው ሌላ 50,000 አክሲዮን ለተመረጡ ገዢዎች በ1,500 ብር ሸጠ። 75 ሚሊዮን ብር አገኘ፤ ጠቅላላ አክሲዮኑ 150,000 ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ትርፉ ባያድግ፣ ያው 30 ሚሊዮን ለ150,000 ሲካፈል ለአንድ አክሲዮን 200 ብር ብቻ ይደርሳል። አንድ ሺህ አክሲዮን የነበረው ሰው ከኩባንያው 1 በመቶ የነበረው ድርሻ ወደ 0.67 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ምንም ሳይሸጥ ድርሻው ሳሳ ማለት ነው።

ነባሩ ባለአክሲዮን ወደ 300 ብሩ እንዲመለስ ኩባንያው 45 ሚሊዮን ብር ማትረፍ አለበት። ስለዚህ አዲሱ 75 ሚሊዮን ብር በዓመት 15 ሚሊዮን፣ ማለትም 20 በመቶ ማስገኘት ይጠበቅበታል። ገዢው ጥያቄውን አሁን በትክክል መጠየቅ ይችላል፦ ይህ ኩባንያ ባለፉት ዓመታት በያዘው ገንዘብ 20 በመቶ አትርፎ ያውቃል? መልሱ በውጭ ኦዲተር ሪፖርት ውስጥ ይገኛል፤ ቢያንስ የሦስት ዓመቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው።

አሁን ዋጋው ከ1,500 ወደ 1,800 ብር ወጣ እንበል። አዲሱ አክሲዮን ከመሸጡ በፊት በ1,500 ብር ገዝቶ በዓመት 300 ብር ትርፍ የሚደርሰው ሰው፣ ትርፉ በሙሉ ቢከፋፈል ገንዘቡን በ5 ዓመት ይመልሳል። ከሽያጩ በኋላ በ1,800 ብር ገዝቶ 200 ብር የሚደርሰው ግን 9 ዓመት ይፈጅበታል። ዋጋው ጨመረ የሚለው ወሬ ለሻጩ የምሥራች ነው፤ ለአዲሱ ገዢ ግን ዕቃው ተወደደ ማለት ነው።

5. ዋጋው የጨመረበትን ምክንያት መለየት

ዋጋ የሚጨምረው ትርፍ ሲያድግ፣ ትልቅ ውል ሲፈረም ወይም ታማኝ ገዢ ሲገባ ነው። ጥቂት አክሲዮን ብቻ እጅ በእጅ ሲለዋወጥም ይጨምራል። በአንድ ወር አምስት ሰው ብቻ የተገበያየበት ዋጋ፣ የገበያ ቀን ሳይሆን ማለዳ አንዲት ጣሳ ጤፍ የተሸጠችበት ዋጋ እንደማለት ነው። ስለዚህ ከዋጋው ጋር የተሸጠው ብዛት ይጠየቅ።

የጎረቤት አገር ታሪክ ይህን በደንብ ያስረዳል። የኬንያው ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2008 አክሲዮኑን በ5 ሺሊንግ ለሕዝብ ሲሸጥ ከቀረበው በብዙ እጥፍ ገዢ መጣ። በሰኔ ወር ገበያ ላይ ሲውል ዋጋው ከ7 ሺሊንግ አለፈ። ዓመቱ ሳያልቅ ከ5 ሺሊንግ በታች ወረደ። ተበድሮ ገዝቶ ያን ጊዜ ለመሸጥ የተገደደ ሰው ከሰረ። የታገሠው ግን ኩባንያው በሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ በኤምፔሳ እያደገ ሲሄድ በ2021 ከ40 ሺሊንግ በላይ ሲሸጥ አየ፤ ከዚያ በኋላም በ2023 ዋጋው እንደገና ከ20 በታች ወርዶ ነበር።

6. መውጫውን አስቀድሞ ማወቅ

ልጅ ሲታመም ወይም በሬ ሲሞት አክሲዮኑን በስንት ቀን ወደ ብር መለወጥ ይቻላል? ኩባንያው በገበያው ከተመዘገበ ፈቃድ ባለው ደላላ በኩል ይሸጣል። ካልተመዘገበ ገዢ ማግኘትና በኩባንያው መዝገብ ስም ማዛወር ወራት ሊወስድ ይችላል። በዚህ ምክንያት ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለልጆች ትምህርት የተያዘ ገንዘብ፣ ከብድርም የመጣ ገንዘብ አክሲዮን ውስጥ አይግባ።

7. ክፍያና ሰነድ

ገንዘቡ የሚገባው በኩባንያው ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው፤ በምሥረታ ላይ ያለ ኩባንያ ከሆነ በዝግ ሒሳብ። በግለሰብ ስም ወዳለ ሒሳብ ወይም ቴሌብር መላክ የለበትም። ከአክሲዮኑ ዋጋ ሌላ የአገልግሎት ክፍያ ካለ፣ ምሥረታው ቢቀር እንደሚመለስና እንደማይመለስ በጽሑፍ ይጠየቅ። ስም በመታወቂያው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይመዝገብ፤ «ኃይለ» እና «ሀይለ» የሚባል ልዩነት በውርስ ጊዜ ቤተሰብን ፍርድ ቤት ያመላልሳል።

እነዚህን ሥራዎች ብቻውን የሚሠራ ሰው ሊደክም ይችላል፤ በጋራ ግን ቀላል ናቸው። አምስት ስድስት ሰዎች ቡና ሲጠጡ አንዱ የኦዲት ሪፖርቱን፣ ሌላው የገንዘቡን አጠቃቀም፣ ሦስተኛው ስሌቱን ይዞ ይምጣ። በመካከላቸው መምህር ካለ ደግሞ መግለጫውን ማንበብ ለማይችሉት ጮክ ብሎ ያንብብላቸው። ሁሉም ተስማምተው ቢገዙም ባይገዙም፣ እያንዳንዱ ለምን እንደወሰነ ያውቃል።

ቀድሞ አክሲዮን የገዙ ሰዎችም አንድ ሥራ አለባቸው። ሣጥን ውስጥ ያስቀመጡትን ደረሰኝና የአክሲዮን ምስክር ወረቀት በዚህ ሳምንት አውጥተው፣ ስማቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን ከኩባንያው መዝገብ ጋር ያስተያዩ፤ ያልተወሰደ የትርፍ ድርሻ እንዳለ ይጠይቁ፤ የሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ መቼ እንደሆነም ጽፈው ይያዙ።