ስማቸውን ራሳቸው ይንገሩሽ

አቦ፣ ቀስ በይ የኔ እህት። መርፌውን አስቀምጪና ካርዱን እንደገና እዪው። ፋጡማ አህመድ ይላል፤ በሩ አጠገብ የተኙትም ፋጡማ አህመድ ናቸው። ሐርላ መንደርም ሆነ ድሬዳዋ ፋጡማና አሚና፣ መሐመድና አህመድ የሞላበት አገር ነው፤ ስምና የአባት ስም ብቻ አይበቃሽም። የአያት ስም፣ ዕድሜና የካርድ ቁጥር አብረሽ ተመልከቺ፤ ሁለቱም ካርዶች ላይ «ተመሳሳይ ስም አለ» ብለሽ በቀይ ጻፊ።

«ፋጡማ አህመድ ነዎት?» ብለሽም አትጠይቂ። ከሐርላ በትኩሳት እየነደዱ የመጡ እናት ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሁሉ «አዎ» ይላሉ። አክብሮት ነው፤ አንዳንዴም አማርኛው ስላልገባቸው ነው። በኦሮምኛ «አዴ፣ መቃን ኬሰን ኤኙ?»፣ ስምዎ ማን ነው፣ በያቸውና ዝም ብለሽ ጠብቂ። ስሙ ከአፋቸው ሲወጣ ከካርዱ ጋር አስተያዪ። ደም ስትቀጂም እንዲሁ ነው፤ ቱቦው ላይ ስም የሚጻፈው እዚያው አልጋው አጠገብ እንጂ ጠረጴዛሽ ጋ ከተመለስሽ በኋላ አይደለም።

ልጆቹን ሚዛን ላይ አውጪያቸው። የከባድ ወባ መርፌው አርቴሱኔት በኪሎ ነው የሚሰላው፦ ከ20 ኪሎ በታች ላለ ልጅ በኪሎ 3 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ 2.4። በዓይን ግምት አይሆንም።

የወባውን ኪኒን ኳርተምን ይዛ ወደ ቤቷ የምትሄደዋን እናት ደግሞ «ገባሽ?» አትበያት። «ቤት ስትደርሺ እንዴት ነው የምትሰጪው?» በያት። በቀን ሁለቴ፣ ከምግብ ወይም ከወተት ጋር፣ ትኩሳቱ ቢለቀውም ሦስቱ ቀን እስኪሞላ ብላ ራሷ ካልነገረችሽ እንደገና አስረጃት። ወረፋው ቢረዝምም ይርዘም።

ወረፋውን ያረዘመውንም ነገር አስቢው። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ዝናብ በሌለበት ወራት ከ2,000 በላይ ሰው ወባ ያዘው። ያስተላለፈችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ ናት። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ነው። ረግረግ አትፈልግም፤ ሰው ለመጠጥና ለልብስ ያጠራቀመው ውሃ ይበቃታል። ውሃ በሚያጥርበት አገር ሰው ማጠራቀሙን ይተው ማለት አይቻልም፤ መክደን ግን ይቻላል።

ስለዚህ ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ሐርላ ስትሄዱ የጥንቱን ከተማ ፍርስራሽ አይተሽ ብቻ አትመለሺ፤ ቤቶቹ ጋ ግቢ። እዚያም ቢሆን «በርሜሉን ትከድናላችሁ?» ካልሽ መልሱ «አዎ» ነው። «ውሃችሁን የት ነው የምታስቀምጡት?» በይና እንዲያሳዩሽ ለምኛቸው። በየሳምንቱ ደፍተው፣ ውስጡን ፈግፍገው እንዲሞሉት፣ አፉንም ትንኝ በማያስገባ ክዳን ወይም ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ እንዲሸፍኑት አሳያቸው።

ከዚያ በፊት ግን የእኛ በርሜል አለ፤ ከክፍሉ ጀርባ አፉን ከፍቶ ነው ያለው። ጨርቅና ገመድ መሳቢያው ውስጥ አለልሽ፤ ዛሬ ተረኛነትሽ ሳያልቅ እሰሪው።