የሚከዳ ቁርጭምጭሚት

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

በአሶሳና በአካባቢዋ ክረምቱ ረጅም ነው። ዝናቡ መንገዱን ስለሚሸረሽረው ድንጋዩ አፍጥጦ ይቀራል፤ ጭቃውም ያዳልጣል። ከዚህም የተነሣ ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ገበያ በእግሩ የሚጓዝ ሰው፣ በኳስ ሜዳም የሚሯሯጥ ወጣት፣ እግሩን ወለም ሊለው ይችላል።

ቁርጭምጭሚትን ከውጭ በኩል ደግፈው የሚይዙት ሦስት ጅማቶች ናቸው። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ጅማቶቹ ይለጠጣሉ፤ አንዳንዴም ይበጠሳሉ። በጅማቶቹ ውስጥ የእግርን አቋም ለአንጎል የሚያስታውቁ ነርቮች አሉ። እነርሱም ስለሚጎዱ፣ እግር ሊታጠፍ ሲል ጡንቻዎች በጊዜው አይደርሱለትም። እብጠቱ ከጠፋ በኋላ እንኳ ብዙ ሰው «እግሬ ከዳኝ» የሚለው ስለዚህ ነው። እንግዲህ የሕመም መጥፋትና መዳን አንድ አይደሉም። በየጊዜው የሚከዳ እግር ችላ ከተባለ መጋጠሚያው እየተበላ ሊሄድ ይችላል፤ ይህም በእግሩ ሠርቶ ለሚያድር ሰው ከባድ ጉዳት ነው።

ሕክምናውስ ምንድን ነው? በመጀመሪያ ስብራት አለመኖሩ ይረጋገጥ። የተጎዳው ሰው አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲጫኑት የሚያመው ከሆነ፣ ሐኪም ቤት ሄዶ ራጅ መነሣት ይገባዋል። ወጌሻ በአገራችን የታወቀ ባለሙያ ነው፤ ሆኖም አዲስ ጉዳትን ማሸትና መጎተት እብጠቱን ሊያብስ ይችላል።

እብጠቱ ሲቀንስ ዋናው መድኃኒት እንቅስቃሴ ነው። ሰውየው ግድግዳ አጠገብ ሆኖ በተጎዳው እግሩ ብቻ ይቆማል፤ ሲለምድ ዐይኑን ጨፍኖ ይሞክራል፤ ተረከዙንም እያነሣ በጣቶቹ ይቆማል። ይህን ለብዙ ሳምንታት ሳያቋርጥ የሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። እግሩ መክዳቱን ካልተወ ግን ስዊድናዊው ሐኪም ብሮስትሮም በ1966 እ.ኤ.አ. ባስታወቀው ዘዴ ጅማቱን በቀዶ ሕክምና ማጥበቅ ይቻላል።

ሰዋስው፦ ምክንያትና ውጤት

«ስለሚሸረሽረው» በሚለው ቃል ውስጥ «ስለ» ምክንያትን ያሳያል፤ «ከዚህም የተነሣ» የሚለው ሐረግ ግን ውጤትን ያስከትላል።

መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ ምክንያትን የሚገልጽ ሌላ ዐረፍተ ነገር አውጡ።

2. «ከዳ» የሚለው ቃል በምንባቡ ውስጥ ካለው ሌላ ምን ፍች አለው? ለሁለቱም ፍች ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

3. ወለምታው ገና ሳይድን ወደ ኳስ ሜዳ ለመመለስ ለቸኮለ ጓደኛችሁ፣ ምክንያትና ውጤትን እያያያዛችሁ፣ አንድ አንቀጽ ምክር ጻፉለት።