ቃል በእውነት ሥጋ ሆነ

ለጥናት የሚነበብ፦ ዮሐንስ 1፥1-18፤ 1 ዮሐንስ 4፥1-6፤ ፊልጵስዩስ 2፥5-11



በዚህ ዘመን ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆቻችን አንድ ጥያቄ ይዘው ወደ እኛ ይመጣሉ። ጥያቄውም እንዲህ የሚል ነው። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ኢየሱስን እንደ ሰው ብቻ ያዩት ነበር፤ አምላክ ነው የተባለው ከ300 ዓመት በኋላ በንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ትእዛዝ በኒቅያ ጉባኤ ነው፤ ግኖስቲኮች የሚባሉት ክርስቲያኖች የቀደመውን ትምህርት ይዘው ሳሉ መጻሕፍታቸው ተደበቁ ሲባል ሰምተናል፤ ይህ እውነት ነውን? የጉባኤው ሽማግሌ ለዚህ ጥያቄ በቍጣ ቢመልስ ወይም ዝም ቢል፣ ልጁ መልስ የሌለን ይመስለዋል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ነገሩን ከሥሩ እንመረምራለን።

የታሪኩን ምስክርነት በትዕግሥት ስንመለከት፣ የምናገኘው ከተወራው ተቃራኒ ነው። ግኖስቲኮችን ያሰናከላቸው የክርስቶስ አምላክነት አልነበረም፤ ሥጋው ነበር እንጂ። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ግኖስቲኮች እነማን ነበሩ?

ግኖሲስ የሚለው የግሪክ ቃል ዕውቀት ማለት ነው። ግኖስቲኮች የተባሉትም መዳን የሚገኘው በተሰወረና ለጥቂቶች ብቻ በተገለጠ ዕውቀት ነው ብለው ያስተማሩ ሰዎች ናቸው። አንድ ማኅበር አልነበሩም፤ መምህራናቸው ብዙ ነበሩ፤ ትምህርታቸውም በብዙ ነገር ይለያይ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ባሲሊደስ በሁለተኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ እኩሌታ በእስክንድርያ አስተማረ። ዋለንጢኖስም ከግብፅ ተነሥቶ በ140 ገደማ በሮም ከተማ ስሙ የታወቀ መምህር ሆነ።

ለረጅም ዘመን ትምህርታቸው በአብዛኛው ይታወቅ የነበረው ተቃዋሚዎቻቸው ከጻፉት ነው። ነገር ግን በ1945 በላይኛው ግብፅ፣ በናግ ሐማዲ ከተማ አቅራቢያ፣ የአገሩ ገበሬዎች በቆዳ የተለበዱ የፓፒረስ መጻሕፍት አገኙ። መጻሕፍቱ የ13 ጥራዞች ቅሬታ ሲሆኑ በውስጣቸው 52 ጽሑፎች አሉ። በአራተኛው መቶ ዓመት በቅብጥ ቋንቋ የተገለበጡ ሲሆኑ ቀድሞ የተጻፉት በግሪክ ቋንቋ ነበር። ዛሬ በካይሮ በቅብጥ ሙዚየም ይገኛሉ፤ ከ1977 ጀምሮም በእንግሊዝኛ በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው ይነበባሉ። እንግዲህ የሚደበቅ ነገር የለም፤ የሚወድ ሁሉ አንብቦ መፍረድ ይችላል።

በእነዚህ ጽሑፎች በብዙዎቹ የምናገኘው ታሪክ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ከሁሉ በላይ የሆነው አምላክ የማይታወቅና እጅግ የራቀ ነው። ከእርሱ ብዙ ሰማያውያን ኃይላት ወጡ፤ ማኅበራቸውም ፕሌሮማ፣ ማለት ሙላት፣ ይባላል። ከእነርሱ አንዷ፣ ጥበብ የተባለችው፣ ሳተች፤ ከስሕተቷም የዚህ ዓለም ሠሪ ተወለደ። እርሱ ግን ከበላዩ ያለውን ሳያውቅ፣ ከእኔ በቀር አምላክ የለም እያለ ተመካ። እነዚህ ሰዎች የብሉይ ኪዳንን አምላክ እንዲህ አድርገው ተረጐሙት። በትምህርታቸው ሥጋ እስር ቤት ነው፤ በአንዳንድ ሰዎች ውስጥ ግን ከላይ የወደቀ የብርሃን ፍንጣሪ አለ። አዳኝ የሚመጣውም ያንን ፍንጣሪ ቀስቅሶ ከወዴት እንደ መጣ ሊያሳውቀው ነው። እንግዲህ ለእነርሱ የሰው ዋና ችግር ኀጢአት አይደለም፤ አለማወቅ ነው።

ይሁን እንጂ እነዚህን ሰዎች እንደ ሞኞች ልንንቃቸው አይገባንም። ክፉ ነገር ከወዴት መጣ? ፍጹም የሆነው አምላክስ እንዴት መከራን ይቀበላል? ብለው ጠይቀዋልና። ጥያቄያቸው የእኛም ጥያቄ ነው፤ የሳቱት በመልሱ ነው።

2. ስለ ጌታችን ምን አስተማሩ?

ሥጋ የክፉ ሠሪ ሥራ ከሆነ፣ ከሰማይ የመጣው አዳኝ በእውነት ሥጋን ሊለብስ አይችልም። ስለዚህ ከዚህ ችግር ለመውጣት ሁለት መንገድ ፈለጉ።

የመጀመሪያው መንገድ፣ ክርስቶስ ሰው መሰለ እንጂ ሰው አልሆነም ማለት ነው። በግሪክ ዶኬይን ማለት መምሰል ስለ ሆነ፣ ይህን የሚያምኑ ሰዎች ዶኬታውያን ተባሉ። በናግ ሐማዲ ከተገኙት ጽሑፎች አንዱ፣ የታላቁ ሴት ሁለተኛ ድርሳን የሚባለው፣ አዳኙ የሰቀሉት የመሰላቸውን ሰዎች ከላይ ሆኖ ይስቅባቸው እንደ ነበር ይናገራል። ኢሬኔዎስ እንደሚመሰክረው ባሲሊደስም በመስቀል ላይ የሞተው የቀሬናው ስምዖን ነው ብሎ አስተማረ።

ሁለተኛው መንገድ ኢየሱስን ከክርስቶስ መለየት ነው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት መጨረሻ በእስያ አውራጃ ያስተማረው ቄሪንጦስ፣ ኢየሱስ የዮሴፍና የማርያም ልጅ የሆነ ሰው ነው፤ ሰማያዊው ክርስቶስ በተጠመቀ ጊዜ በርግብ አምሳል ወረደበት፤ ከመከራው በፊት ግን ትቶት ሄደ አለ። በዚህም ትምህርት በመስቀል ላይ የቀረው አምላክ የተለየው አንድ ምስኪን ሰው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ኢየሱስን ሰው ብቻ ነው ያሉ ከአይሁድ ወገን የሆኑ ኤቢዮናውያን የሚባሉ ነበሩ፤ ነገር ግን የግኖስቲኮች መንገድ ሌላ ነው። የእነርሱ አዳኝ ከሰማይ የመጣ ነው፤ ሰማያዊነቱንም አልካዱም። የካዱት በእናቱ ክንድ የታቀፈው፣ የተራበው፣ ያለቀሰው፣ ደሙንም ያፈሰሰው እርሱ ራሱ መሆኑን ነው።

3. ቤተ ክርስቲያን ምን መለሰች?

ሐዋርያው ዮሐንስ በወንጌሉ መጀመሪያ፣ እግዚአብሔር የነበረው ቃል ሥጋ እንደ ሆነ ይመሰክራል (ዮሐ. 1፥1፤ 1፥14)። በመልእክቱም በጆሮ የሰሙትን፣ በዓይን ያዩትን፣ በእጅም የዳሰሱትን እንደሚያወራ ይናገራል (1 ዮሐ. 1፥1)። መንፈስን የምንመረምርበትን ሚዛን ሲሰጠን፣ ኢየሱስ ክርስቶስ በሥጋ እንደ መጣ መታመኑን ነው ያቆመልን (1 ዮሐ. 4፥2-3)። ቶማስም የጌታን ቍስል እንዲነካ በተጠራ ጊዜ ጌታውና አምላኩ መሆኑን ተናገረ (ዮሐ. 20፥27-28)። የችንካሩ ምልክትና የአምላክነቱ ምስክርነት በአንድ ስፍራ ተገናኙ።

የአንጾኪያው ኤጲስ ቆጶስ አግናጥዮስ በንጉሥ ትራያኖስ ዘመን፣ በ110 ገደማ፣ ለአራዊት እንዲጣል በወታደሮች ተጠብቆ ወደ ሮም ሲወሰድ ሰባት መልእክታት ጻፈ። በእነዚህ መልእክታት ኢየሱስ ክርስቶስን ያለ ማመንታት አምላካችን ይለዋል። ደግሞም በእውነት የሚለውን ቃል እየደጋገመ፣ በእውነት እንደ ተወለደ፣ በእውነት እንደ በላና እንደ ጠጣ፣ በእውነት እንደ ተሰቀለና እንደ ተነሣ ያስረዳል። የክርስቶስ መከራ ምስል ብቻ ከሆነ እኔ ስለ ምን ታስሬአለሁ? ብሎም ይከራከራል። ወደ ሰምርኔስ በላከው መልእክት ሌላ ነገር ይጨምራል። የጌታን ሥጋ የካዱት ሰዎች ከጌታ እራት ርቀዋል፤ ለባልቴትና ለድሃ አደግ፣ ለታሰረና ለተራበም አያስቡም። ይህ ከባድ ቃል ነው። የጌታን ሥጋ የናቀ የወንድሙንም ሥጋ ይንቃልና።

ከእርሱ በኋላ የተነሣው ኢሬኔዎስ በልጅነቱ በሰምርኔስ የፖሊካርፐስን ትምህርት ሰምቶ ነበር፤ ፖሊካርፐስም ጌታን ካዩት ሰዎች ጋር እንደ ተነጋገረ ይመሰክራል። ኢሬኔዎስ በጋሊያ፣ ዛሬ ፈረንሳይ በምትባለው አገር፣ የሊዮን ከተማ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ በ180 ገደማ የግኖስቲኮችን ትምህርት የሚመረምር አምስት ክፍል ያለው መጽሐፍ ጻፈ። ክርክሩም ቀላል ነው። ሐዋርያት የተሰወረ ዕውቀት ቢኖራቸው ኖሮ አብያተ ክርስቲያናትን በአደራ ለሰጧቸው ሰዎች በነገሯቸው ነበር፤ ነገር ግን የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ትምህርት በአደባባይ የሚሰበክና በሁሉም ስፍራ አንድ ነው። ደግሞም ሥጋን የፈጠረው አንዱ እግዚአብሔር ስለ ሆነ፣ የፈጠረውን ራሱ ያድነዋል እንጂ አይጥለውም።

የሀገራችንም የመጻሕፍት ቤት በዚህ ክርክር ምስክር አለው። በሁለተኛው መቶ ዓመት የተጻፈ፣ የሐዋርያት መልእክት የተባለ አንድ ጽሑፍ፣ ቄሪንጦስን በስሙ ጠርቶ ይቃወመዋል። ከቅብጥና ከላቲን የተገኘው ጐደሎ ሲሆን፣ ሙሉ ሆኖ እስከ ዘመናችን የደረሰው በግዕዝ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር አይቈጠርም፤ ነገር ግን የዚያን ዘመን ምእመናን ምን ያምኑ እንደ ነበር ያሳየናል። በውስጡ ጌታ ከሙታን ከተነሣ በኋላ ጴጥሮስ የእጁን ችንካር፣ ቶማስም ጎኑን እንዲነኩ ይነግራቸዋል። እንድርያስን ደግሞ እግሬ መሬት ይረግጥ እንደ ሆነ ተመልከት ይለዋል፤ የምትሐት እግር መሬት አይነካምና። በመሬት ላይ የሚቆም እግር ያለው አዳኝ፤ የቀደሙት አባቶች ያመኑት በእርሱ ነው።

4. የኢየሱስ አምላክነት በኒቅያ ተጀመረን?

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልጵስዩስ የጻፈው ጌታችን ከተሰቀለ 30 ዓመት ያህል ሲሆን ነው። በዚያም መልእክት በእግዚአብሔር መልክ የነበረው ራሱን ዝቅ አድርጎ የባሪያን መልክ እንደ ያዘ፣ ጕልበትም ሁሉ በስሙ እንደሚንበረከክ ይናገራል። ይህ መንበርከክ በኢሳይያስ 45፥23 ለእግዚአብሔር ብቻ የተነገረ ነው።

ከክርስቲያኖች ውጭ የሆነ ምስክርም አለን። የቢታንያ አገረ ገዢ ፕሊኒ በ112 ገደማ ለንጉሥ ትራያኖስ በጻፈው ደብዳቤ፣ ክርስቲያኖች በተወሰነ ቀን ገና ሳይነጋ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ በቅብብል እንደሚዘምሩ አስታወቀ። ይህ ሰው አሳዳጅ እንጂ ወዳጅ አልነበረም። ደብዳቤው የተጻፈውም ከኒቅያ ጉባኤ ከ200 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው።

ታዲያ በ325 በኒቅያ ምን ተደረገ? ጉባኤውን የጠራው ቆስጠንጢኖስ መሆኑ እውነት ነው። ክርክሩ ግን ክርስቲያኖች ለኢየሱስ ይስገዱ ወይስ አይስገዱ የሚል አልነበረም። የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ ወልድ ከፍጥረት ሁሉ በላይ ቢሆንም የተፈጠረ ነው፤ ያልነበረበትም ጊዜ አለ ብሎ ስላስተማረ፣ ጉባኤው ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን መሰከረ። በዚያው የሃይማኖት ጸሎት ሥጋ መልበሱንና ሰው መሆኑንም ጨምሮ አጸና። ስለዚህ ኒቅያ አዲስ አምላክ አላቆመም፤ ቀድሞ በመዝሙርና በጸሎት የነበረውን እምነት ከስሕተት የሚጠብቅ ቃል ሰጠ እንጂ።

5. ይህ ትምህርት ለእኛ ምን ይላል?

በቋንቋችን አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ሥጋ የሚለው ቃል ሁለት ትርጕም ይዟል። ጳውሎስ ስለ ሥጋ ሥራ ሲናገር (ገላ. 5፥19) የሚወቅሰው በእግዚአብሔር ላይ የሚያምፀውን የኀጢአት ባሕርይ ነው፤ ሰውነታችንን አይደለም። ዮሐንስ ግን ቃል ሥጋ ሆነ ሲል የሚደክመውን፣ የሚታመመውንና የሚሞተውን የእኛን ሰውነት ይናገራል። ሁለቱን ብናደባልቅ፣ ሳናውቀው ወደ ግኖስቲኮች ትምህርት እንወድቃለን። የታመመውን ሳንጠይቅ፣ የተራበውንም ሳናበላ፣ ሥጋ ከንቱ ነው ነፍስ ትበቃለች ብለን ብንመልሰው፣ አግናጥዮስ የወቀሳቸው ሰዎች እኛ ነን።

ሁለተኛም፣ ወንጌል ለጥቂት ዐዋቂዎች የተሰወረ ምሥጢር አይደለም። ፊደል ያልቈጠረች አሮጊት እናታችን የተሰቀለውን ጌታ ብታምን ከዋለንጢኖስ የምታንስበት ነገር የለም። ሉተርም በ1518 በሃይደልበርግ ባቀረበው ትምህርት፣ እግዚአብሔርን በእውነት የሚያውቀው በመከራና በመስቀል የተገለጠውን የሚመለከት መሆኑን አስረድቷል። ወደ ሰማይ በሐሳብ መሰላል የሚወጣ አያገኘውም፤ ወደ እኛ ወርዶ በግርግም ተኝቷልና።

ሦስተኛም፣ ወዳጃችንን አፈር አልብሰን በመቃብር አጠገብ በቆምን ጊዜ የምንይዘው ተስፋ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ክርስቶስ የሞተ መስሎ ብቻ ከሆነ፣ የእኛ ሞት አልተነካም፤ እኛ የምንሞተው በእውነት ነውና። ሰው ብቻ ከሆነም ሞትን ለማሸነፍ ኃይል የለውም። ነገር ግን እውነተኛ አምላክ የሆነው እውነተኛ ሰው ሆኖ ወደ መቃብራችን ስለ ገባ፣ መቃብሩ ባዶ ሆነ። በጌታም እራት የሚሰጠን ይህ የተሰጠው ሥጋና የፈሰሰው ደም ነው፤ የጥላ ጥላ አይደለም።

እንግዲህ ልጆቻችን በጠየቁን ጊዜ አንፍራ። መጻሕፍቱን ይመርምሩ፤ እኛም ከእነርሱ ጋር እንመርምር። ጌታ ቶማስን አልገፋውምና።

የውይይት ጥያቄዎች

1. ግኖስቲኮች በጌታችን የካዱት ነገር ምንድር ነው? ለምንስ?
2. 1 ዮሐንስ 4፥2-3 አንድን ትምህርት ለመመርመር እንዴት ይረዳናል?
3. አግናጥዮስ የጌታን ሥጋ መካድና ድሆችን መርሳት አብሮ የሚሄድ ነው ያለው ስለ ምንድር ነው? በጉባኤያችን ይህ ይታያልን?
4. አንድ ወጣት፣ ኢየሱስ አምላክ የተባለው በኒቅያ ነው ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?

ጸሎት

ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ሥጋችንን ስላልናቅህ እናመሰግንሃለን። ያለ ማየት የምናምነውን እኛን አጽናን፤ በተራበውና በታመመው ወንድማችን ዘንድ እንድናገለግልህ ልብ ስጠን፤ በሞታችንም ሰዓት እጅህን ያዘን። አሜን።