ጋባፔንቲንን እስከ ጥግ ማጥናት፦ አሜሪካ ላሉ የፋርማሲ ቴክኒሻን ተፈታኞች

ለፋርማሲ ቴክኒሻን ፈተና የሚዘጋጅ ሰው ረጅም የመድኃኒት ዝርዝር ይሰጠዋል። ከላይ እስከ ታች መሸምደዱ ብዙ አያዛልቅም። አንድ መድኃኒት ይያዙና እስከ ጥጉ ይሂዱ። ለጀማሪ ከጋባፔንቲን የተሻለ አላውቅም።

የታወቀው የንግድ ስሙ ኒውሮንቲን ነው። ኤፍ ዲ ኤ እ.ኤ.አ. በ1993 የፈቀደው ለሚጥል በሽታ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተደርቦ እንዲወሰድ ነበር። በ2002 አልማዝ ባለጭራ ካለፈ በኋላ ለሚቀረው የነርቭ ሕመም ተፈቀደ። የስኳር ሕመም ነርቫቸውን ጎድቶት እግራቸውን ለሚያቃጥላቸውም ሐኪሞች ያዙታል፤ ይህ ግን በፈቃዱ ውስጥ የለም። ፈተናው ላይ «የተፈቀደለት» የሚለውን ቃል ሲያዩ ቆም ብለው ያንብቡ።

ካፕሱሉ 100፣ 300 እና 400፣ ታብሌቱ 600 እና 800 ሚሊግራም ነው። ፈሳሹ በ5 ሚሊሊትር 250 ሚሊግራም ይይዛል። ስሌት የሚለማመዱት በዚህ ነው። 300 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ለ30 ቀን ከታዘዘ 90 ካፕሱል ይሆናል። በፈሳሽ ከሆነ በአንድ ጊዜ 6፣ በቀን 18፣ በጠቅላላው 540 ሚሊሊትር። መልሱ ላይ ቶሎ እስኪደርሱ ቁጥሮቹን እየቀያየሩ ይሥሩት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሕጉ ላይ ነው። የቅርብ ዘመዱ ፕሪጋባሊን (ሊሪካ) በፌዴራል ሕግ ስኬጁል 5 ውስጥ ይገባል፤ ጋባፔንቲን አይገባም። ቨርጂኒያ ግን ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በራሷ ሕግ ስኬጁል 5 አድርጋዋለች። ስለዚህ አሌክሳንድሪያ ፋርማሲ ውስጥ እየሠሩ የሚፈተኑ ወገኖቼ፣ አገር አቀፉ ፈተና የሚጠይቀው የፌዴራሉን መሆኑን አይርሱ። ሥራ ቦታ ደግሞ የክልልዎን ሕግ ይከተሉ።

ስለ ደኅንነቱ፦ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መጠኑ ይቀነሳል። እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፣ ያዞራል። እንደ ሞርፊን ካሉ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎች ጋር ሲወሰድ ትንፋሽን ሊያዳክም እንደሚችል ኤፍ ዲ ኤ በ2019 አስጠንቅቋል። እንደ ማሎክስ ያለ የጨጓራ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጋባፔንቲኑን ቢያንስ 2 ሰዓት ቆይቶ ይውሰድ። በድንገት አይቋረጥም፤ በተለይ የሚጥል በሽታ ላለበት አደገኛ ነው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። አማርኛ ብቻ የሚችሉ እናት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ እርስዎን አይተው ደስ ይላቸዋል፤ «ልጄ፣ እንዴት ነው የምውጠው?» ይላሉ። ምክር መስጠት የፋርማሲስቱ ሥራ ነው፤ ፈተናውም ይህንኑ ይጠይቃል። «እማማ፣ ፋርማሲስቱን ልጥራልዎ» ይበሉና አስተርጓሚ እንዲደወልላቸው ያሳስቡ። ፋርማሲስቱ ግን የማያውቀውን ይንገሩት፦ እሳቸው «በ2 ሰዓት» ሲሉ ጠዋት ከሆነ በፈረንጅ 8 ሰዓት ማለታቸው ነው።