ስለ ለጋ፥ ስለ እሸትና ስለ ጭማቂ

በአማርኛ ቋንቋ ስለ ምግብና ስለ ተክል ልስላሴ የሚነገሩ ስሞች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ ስፍራ አለው። አዲስ የወጣ የጎመን ቅጠል ለጋ ይባላል፤ ገና የተናጠ፥ እሳት ያልነካውም ቅቤ ለጋ ቅቤ ይባላል። ከዛፍ ጫፍ የወጣው፥ በጣት ሲነኩት የሚታጠፈው፥ ቀንበጥ ነው። ፍሬ ማደግ ሲጀምር እንጭጭ፥ ከፍ ብሎ ሳይበስል ጮርቃ ይባላል። እህሉ ፍሬ ይዞ ሳለ፥ ገና ሳይደርቅ፥ እሸት ነው። ዝናም የጠገበ ሜዳ ለምለም ይባላል፤ ይህም ቃል ከሜዳ ወደ ገበታ መጥቶ፥ ጥሩ ሆኖ የተጋገረው እንጀራ ለምለም እንጀራ ተብሏል። ለጋ እንጀራ የሚል ሰው ግን የለም። ቋንቋ የሚማር ልጅ አንዱን ስም በሌላው ስፍራ እንዳያገባ ይጠንቀቅ።

ልስላሴና ጭማቂ አንድ ነገር አይደሉም። የበሰለ ሙዝ ጥርስ የሌለው ሕፃን እንኳ ይበላዋል፤ ነገር ግን በእጅ ቢጨምቁት ጠብታ አይወርደውም። ሸንኮራ አገዳ ደግሞ ጭማቂው አፍ ይሞላል፥ ገላው ግን ጠንካራ ስለ ሆነ ሰው መጥጦ ምጣጩን ይተፋዋል። ብርቱካን ሁለቱን ይዟል። ተልጦ አንዱ ክፋይ በጥንቃቄ ቢከፈት፥ በውስጡ የእንባ ቅርጽ ያላቸው ትናንሽ ከረጢቶች ተደርድረው ይታያሉ፤ ጭማቂው በእነርሱ ውስጥ ታሽጎ ይኖራል። ከረጢቶቹ እስኪቀደዱ ድረስም ወደ ውጭ አይፈስም።

የለጋ ቅጠል ምሥጢርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጎመን በማለዳ ከጓሮ ሲቀጠፍ ቅጠሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲያጥፉትም ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ያው ጎመን በፀሐይ ላይ ቢረሳ እኩለ ቀን ሳይሆን ይጠወልጋል። ነገር ግን ፈጽሞ ሳይደርቅ አገዳው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢቆም፥ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ደግሞ ቀና ይላል። የሞተ የሚመስለው ቅጠል ስለ ምን ተነሣ? ተክል ሁሉ በዓይን ብቻ ከማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው፤ እነዚህም ሕዋሳት ይባላሉ። ሕዋስ ውሃ ሲሞላ እንደ ሙሉ አቁማዳ ይወጠራል፤ ውሃው ሲቀንስ እንደ ባዶ አቁማዳ ይሸበሸባል። እልፍ አእላፍ ሕዋሳት በአንድነት ሲወጠሩ ቅጠሉ ይቆማል፤ በአንድነት ሲሸበሸቡ ይወድቃል።

እነዚህን ክፍሎች አይቶ ስም የሰጣቸው ሮበርት ሁክ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1665 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ የቡሽ ስባሪ በማጉያ መነጽር አይቶ በውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተከፋፈሉ ባዶ ቤቶች ማግኘቱን ጻፈ። ቡሽ የዛፍ ቅርፊት ነው። ሁክ ያየው ግድግዳውን ብቻ ነበረ፤ በሕይወት ሳለ በውስጡ የነበረው ሁሉ ቀድሞ ጠፍቶ ነበርና።

የውሃውም መጠን በየምግቡ ይለያያል። ከብርቱካን ሥጋ ከመቶው እጅ 87 ያህሉ፥ ከጥቅል ጎመን 92 ያህሉ ውሃ ነው። ስብ የሌለው ጥሬ የበሬ ሥጋ እንኳ፥ ምንም ሲይዙት ጠንከር ያለ ቢመስል፥ ከመቶው 75 ያህሉ ውሃ ነው። ደርቆ ወደ ጎተራ የገባ ስንዴ ግን ከ12 ወይም ከ13 እጅ የበለጠ ውሃ የለውም፤ ስለዚህም ወራት ይቆያል። እሸት በጎተራ ቢከመር ይሻግታል።

እሸት እንግዲህ የሚበላው በጊዜው ነው። የበቆሎ እሸት በተቆረጠበት ቀን ቢጠበስ ወይም ቢቀቀል ይጣፍጣል፤ ሁለት ሦስት ቀን ቢያድር ግን ጣዕሙ ይለወጣል። ይኸውም በፍሬው ውስጥ ያለው ስኳር ቀስ በቀስ ወደ ዱቄትነት ስለሚለወጥ ነው። የአተር እሸትም እንዲሁ ነው። በአገራችን በእርሻ ዳር የሚያልፍ መንገደኛ እሸት ቢለምን ባለ እርሻው አይነፍገውም፤ መንገደኛውም የሚበቃውን በልቶ ያልፋል እንጂ በነጠላው ቋጥሮ አይሄድም። የቤቱ ልጆች ግን ከመንገደኛው ይልቅ ሊጠነቀቁ ይገባል፤ በየቀኑ እየገቡ ያጋመሱት ማሳ በመከር ጊዜ አውድማውን አይሞላም። ከእሸትም መካከል የጓያ እሸት የተለየ ነው፤ ጓያን እሸቱንም ሆነ ደረቁን ለብዙ ወር ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ ሊሰንፍ፥ ዕድሜውንም በምርኩዝ ሊሄድ ይችላል።

ተክል እያረጀ ሲሄድ ልስላሴው ይጠፋል። ረጅም ግንድ ነፋስን የሚቋቋመው የሕዋሳቱ ግድግዳ እየወፈረና እንደ እንጨት እየጠጠረ ሲሄድ ነው። ያበበ ጎመን ስለዚህ ይጎረብጣል። ለተክሉ ጥንካሬው ጥቅም ነው፤ ለበላተኛው ግን ችግር ነው።

የእንስሳ ሥጋም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ብዙ ዘመን ያረሰ በሬ ሥጋው ጠንካራ ነው፤ የጥጃ ሥጋ ለስላሳ ነው። በአንድ በሬም ላይ ቢሆን ብዙ የማይደክመው ጭቅናው ይለሰልሳል፤ ቀኑን ሁሉ የሚራመደው ቅልጥም ግን በጅማት የታሰረ ነው። ቢሆንም ባለሙያ ሴት ጅማት ያለውን ሥጋ አትጥልም። በለዘብተኛ እሳት ረጅም ሰዓት ስትቀቅለው ጅማቱ ይሟሟል፤ መረቁም ሲቀዘቅዝ እንደ ሙጫ ይረጋል። በብርቱ እሳት የሚቸኩል ግን የሥጋውን ውሃ ጨምቆ ያወጣዋል፤ ውጭው ያርራል፥ ውስጡም ይደርቃል። አሮጊት ዶሮ ብዙ ሰዓት ከእሳት ላይ የምትቆየውም ለዚሁ ነው።

ለጋ ሁሉ ግን መልካም አይደለም፤ ይህንም ከሁሉ ይልቅ እረኛ ሊያውቀው ይገባል። የማሽላ ቡቃያ ለከብት ዓይን እጅግ ያማረ ነው። በለጋ ቅጠሉ ሕዋሳት ውስጥ ግን ሁለት ነገሮች በልዩ ልዩ ክፍል ተለይተው ይኖራሉ፤ የላም ጥርስ ግድግዳውን ሲያፈርሰው ይገናኙና ብርቱ መርዝ ይወጣል። መርዙም ሥጋ ከደም የሚወስደውን አየር እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። ላሚቱ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፥ ትንገዳገዳለች፥ ትወድቃለችም፤ አንዳንድ ጊዜ ሰዓት ሳይሞላ ትሞታለች። ከድርቅ በኋላ በመጣ ዝናም ያቆጠቆጠውና ከታጨደ በኋላ ከጉቶው የሚበቅለው ማሽላ ከሁሉ የከፋ ነው። ተክሉ ባደገ ቁጥር መርዙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የበሰለውን እህል ሰው ያለ ፍርሃት ይበላዋል፤ አገዳው የሚጣፍጠውም የማሽላ ዓይነት፥ ጥንቅሽ፥ በደረሰ ጊዜ የልጆች ደስታ ነው።

የራበው ከብት በችኮላ ብዙ ስለሚግጥ አደጋው ይበዛበታል። ስለዚህ በማሽላ ማሳ አጠገብ የሚያልፍ እረኛ አስቀድሞ ከብቱን ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ያበላል፥ ከዚያም በቡቃያውና በከብቱ መካከል ሆኖ ይነዳል። የታጨደውን ለጋ ማሽላ ለከብት መስጠት የሚፈልግ ገበሬም በፀሐይ ላይ በትኖ በሚገባ ያደርቀዋል፤ ሲደርቅ ከመርዙ ብዙው ይወጣል። ከብት ማሳ ጥሳ ከገባች በኋላ መንገዳገድ ብትጀምር፥ የቀሩትን ወዲያው ማስወጣትና ሳይዘገዩ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል።